ላሞቹ ተቆጥረዋል

በሩን ሳልዘጋው አለፍኩ። ነገሩ የጀመረው እንዲህ ነው።

የዕረፍት ቀኔ ነበር። ግሪንደልቫልድ በምትባለው የስዊዘርላንድ የተራራ መንደር አንድ ሆቴል ውስጥ አልጋ አንጣፊ ሆኜ ከገባሁ ገና ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ጠዋት ከመንደሩ በላይ ወዳለው መስክ በእግሬ ወጣሁ፤ የእንጨት በር ከፈትኩ፤ ስልኬን አውጥቼ ፊቴ የተገተረውን የአይገርን ተራራ ፎቶ አነሳሁና መንገዴን ቀጠልኩ። የመንዝ ልጅ ነኝ። በሰባት ዓመቴ በግ ጠብቄያለሁ። የግጦሽ በር ከፍቶ መሄድ ምን እንደሚያመጣ ማንም ሊነግረኝ አይገባም ነበር። ፎቶ የሚያነሳ ሰው ግን እረኝነቱን ይረሳል መሰለኝ።

ስመለስ ጊደሮቹ አስፋልቱ ላይ ናቸው። አውቶቡሱ ቆሟል፤ ቱሪስቶቹ በመስኮት ይቀርጻሉ። አንዷማ ጭራሽ አንድ ሆቴል ደጃፍ ላይ በሣጥን በሣጥን የተደረደረውን ቀይ አበባ፣ ያንን ከፖስት ካርድ የማይጠፋውን አበባ፣ ተራ በተራ ትቀረጥፋለች። አንድ ሽማግሌ ዱላ ይዘው እያለከለኩ ደረሱ። አልጮሁብኝም፤ እንዲያውም ያዩኝም አልመሰለኝም። ቆመው በጣታቸው ቆጠሩ። "አሥር" አሉ። ወደ አበባ በላተኛዋ ዞሩና "አሥራ አንድ" አሉ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ እኔ የዞሩት፤ "ያዣት እንግዲህ።"

ያዝኳት። እጄ አልረሳም ነበር። ሽማግሌው ያኔ ፈገግ አሉና "ኤርትራዊት ነሽ?" አሉኝ። እዚህ አገር እኛን የመሰለ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ኤርትራዊ ነው። ኢትዮጵያዊት መሆኔን፣ አገሬም ከብት የሚያውቅ አገር መሆኑን ነገርኳቸው። "ከብት የምታውቂ ከሆነ ለምን በሩን ከፍተሽ ሄድሽ?" አሉ። መልስ አልነበረኝም። ለካሣ ይሁን ብዬ በሚቀጥለው የዕረፍት ቀኔ ድርቆሽ ላግዝ ሄድኩ። ከዚያ በኋላ አራት በጋ ስመላለስ ቆየሁ።

(የወቅቶቹ ስም ማምታታቱ አይቀርም። እኛ ክረምት የምንላቸው ሰኔና ሐምሌ እዚያ ፀሐይ ናቸው። በጋ ስል የእነሱን ሙቀት ማለቴ ነው፤ ሌላውን በረዶ እለዋለሁ። ዓመተ ምሕረቱም አንዱን ቦታ ካልጠቀስኩ በቀር በፈረንጆች ነው።)

ግሪንደልቫልድን ያላየ ሰው በፎቶ አይቷት ይሆናል፤ አረንጓዴ ዳገት፣ የጠቆሩ የእንጨት ቤቶች፣ ከላያቸው ጥቁር የድንጋይ ግድግዳ። አይገር 3967 ሜትር ነው፤ ከራስ ደጀን ያንሳል። መንደሩ ደግሞ 1034 ሜትር ላይ ነው፤ ከመተሐራ ብዙም አይበልጥም፤ በእኛ ሒሳብ ቆላ ነው። ግን ለወራት በረዶ ይተኛበታል። ለእናቴ በስልክ "ቆላ ውስጥ በረዶ አለ" ስላት "አንቺ ልጅ፣ በደንብ ትበያለሽ?" ብላኛለች።

ያ አረንጓዴ ዳገት እግዜር እንዲሁ የዘረጋው ይመስለኝ ነበር። የመጀመሪያው የድርቆሽ ቀን ያንን ሐሳብ ከራሴ አወጣው።

ከጎተራው ጀርባ ያለው መስክ ቁልቁለቱ ቆመው ሲያዩት ያዞራል። ማሽን የሚደርስበትን የሽማግሌው ልጅ በትንሽ ማጨጃ ጨርሶታል። የቀረውን፣ ድንጋይ ለድንጋይ ያለውን፣ እሳቸው ቆመው በሚያጭዱበት ረጅም ማጭድ ይወርዱበታል። እኛ አገር አጫጅ ጎንበስ ብሎ ነው የሚያጭደው፤ እሳቸው ቀጥ ብለው፣ ወገባቸውን እያዞሩ፣ እንደ ጭፈራ። በየጥቂት ደቂቃው ያቆማሉ፤ ከቀበቷቸው ላይ ውኃ ያለበት ቀንድ መሰል ማኅደር አለ፤ ከውስጡ ርጥብ መሳያ ድንጋይ አውጥተው ስለቱን ወዲህ ወዲያ ያደርጉና ይቀጥላሉ። እኔና ምራታቸው ከኋላ በባለጥርስ እንጨት እንገለብጣለን። ፀሐዩ ከበረታ በማግስቱ ይደርቃል፤ ከሰዓት ደመና ከመጣ የሁለት ቀን ሥራ ውኃ በላው። በሦስተኛው ሰዓት እጄ ተላጠ። ከራሳችን በላይ የኬብል ካሩ ሳጥኖች እየተከታተሉ ያልፋሉ፤ መስታወቱ ላይ የተለጠፉ ፊቶች ይታያሉ፤ አንዳንዱ እጁን ያውለበልባል። መጀመሪያ እኔም አውለበለብኩ። ሽማግሌው ቀና ሳይሉ "እሱን ካየሽ ድርቆሹን አታይም" አሉ።

ታዲያ ለምንድን ነው ይህ ሁሉ? ሣሩ ካልታጨደና ካልተጋጠ ቁጥቋጦ ይወጣበታል፤ ከቁጥቋጦው በኋላ ጫካ። በአልፕስ ገበሬው የተወው ግጦሽ ሁሉ እየሆነ ያለው ይኸው ነው። ደግሞም ሳይታጨድ ረዝሞ የተኛ ሣር በረዶው ሲመጣ ያንሸራትተዋል። ሽማግሌው ይህን በእጃቸው መዳፍ ነው ያሳዩኝ፤ አንዱን መዳፍ በሌላው ላይ ዘረጉና ሸርተት አደረጉት፤ ከዚያ በአገጫቸው ከታች ወዳሉት ሆቴሎች ጠቆሙ። ነጋሪ አላስፈለገኝም።

አሁን ወደ ቆጠራው ልምጣ፤ እኔን የያዘኝ እሱ ነውና።

የግሪንደልቫልድ የተራራ ግጦሽ የሰባት ማኅበራት ነው። እነሱ "ቤርግሻፍት" ይሏቸዋል፤ ባኽ፣ ቡስአልፕ፣ ግሪንደል፣ ሆልትስማተን፣ ኢትራመን፣ ሻይደግ፣ ቬርጊስታል። ሥርዓታቸው የተጻፈው በ1404 ነው። የሸለቆው ውል ብለው የሚጠሩት ሰነድ ዋና ነገሩ አጭር ነው፤ ከታች ካለህ መሬት በምታጭደው ድርቆሽ በበረዶው ወራት መመገብ የቻልከውን ያህል ከብት ብቻ በበጋ ወደ ተራራ ታወጣለህ። የውጭ ከብት ማስገባት የለም። ገንዘብ ስላለህ አርባ ላም ገዝተህ በበጋው ሣር ላይ መልቀቅም የለም። እያንዳንዱ ቤት የተቆጠረ "የላም መብት" አለው፤ መብቱም የተሰፋው ከመሬቱ ጋር ነው። በቫሊስ አውራጃ ያለችው ትንሿ ቶርበልም በ1517 ተመሳሳይ ሕግ ጽፋለች። በ2009 የኖቤል የምጣኔ ሀብት ሽልማትን በማግኘት የመጀመሪያዋ ሴት የሆነችው አሜሪካዊቷ ኤሊኖር ኦስትሮም የጋራ ሀብት የግድ ባለቤት አልባ ሆኖ አይጠፋም ብላ ስትከራከር ቶርበልን ከምሳሌዎቿ አንዷ አድርጋለች።

ይህን ስሰማ ሳቄ መጣ። የአያቴን ነገር የሚነግሩኝ መሰለኝ።

መንዝ ውስጥ ጓሳ አለ። ጓሳ የሣሩም ስም ነው፤ የቦታውም። አያቴ ቤቱን የከደነው፣ ገመዱን የገመደው በእሱ ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የሚታወቅ "ቀሮ" የሚባል ሥርዓት ነበረው፤ ቦታው አንዳንዴ ለሦስት፣ አንዳንዴ ለአምስት ዓመት ይዘጋል፤ ማንም አያጭድም፣ ማንም አያግጥም። ሣሩ ደረሰ ሲባል ይከፈታል። መብቱ የዘር ነው፤ ከአስቦ ወይም ከጌራ ወገን መወለድ ነበረብህ። በ1967 ዓ.ም. (ይኼ የእኛው አቆጣጠር ነው) የመሬት አዋጁ ሲመጣ ቀሮው ፈረሰ፤ ከዚያ በኋላ ጓሳ ምን እንደሆነ አባቴ ሲናገር ድምፁ ይለወጣል። ደግነቱ ኋላ የአካባቢው ሰው እንደገና ተሰብስቦ የራሱን መተዳደሪያ አወጣ። ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ለማየት እንግዳ ይመጣል፤ ማኅበረሰቡም ማረፊያ ቤት አለው።

ለሽማግሌው በተሰባበረ ጀርመንኛዬ ይህን ሁሉ አስረዳኋቸው። ረጅም ጊዜ ዝም አሉና "አምስት ዓመት ይዘጋል?" አሉ። "አዎ።" "እኛ አምስት ዓመት ብንዘጋ ጫካ ነው የሚሆነው።" ያኔ ልዩነቱ ገባኝ። ጓሳን ያቆየው ሰው እጁን መሰብሰቡ ነው፤ የእነሱን ያቆየው ግን ሰው እጁን ሳያሳርፍ መኖሩ። የሁለቱም መሠረት ግን ቆጠራ ነው።

እንግዳ ለግሪንደልቫልድ አዲስ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የበረዶ ግግሮቹ እስከ መንደሩ ጫፍ ይወርዱ ነበር፤ እንግሊዞቹ የመጡት እነሱን ለማየት ነው። የመንደሩ ወንዶች የበረዶ ግግሩን እንደ ድንጋይ እየፈለጡ ለከተማ ሆቴሎች ሸጠዋል። (ዛሬ ግግሩ ወደ ላይ ሸሽቶ ከመንደሩ አይታይም ማለት ይቻላል። የሸጡት አይደለም ያስጨረሰው፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።) በ1890 ባቡር ገባ። በ1892 በነፋስ የተነዳ እሳት መንደሩን በላውና እንደገና ሠሩት። ከ1896 እስከ 1912 ደግሞ የአይገርን ሆድ ፈልፍለው ባቡሩን እስከ ዩንግፍራውዮኽ፣ 3454 ሜትር ድረስ አወጡት። ፈልፋዮቹ በአብዛኛው ጣሊያናውያን የቀን ሠራተኞች ነበሩ። እኔ ከገባሁበት ሆቴል ደግሞ የጽዳቱ ክፍል ግማሹ ፖርቹጋላዊ ነበር። ያ ተራራ ሁልጊዜም በመጤ እጅ ነው የተሠራው፤ ብሮሹሩ ላይ ባይጻፍም።

ትልቁ ለውጥ ግን በታኅሣሥ 2020 የመጣው ይመስለኛል። አዲሱ የኬብል መስመር ሲከፈት "አይገር ኤክስፕረስ" የሚሉት ባለ 26 መቀመጫ ሳጥን ከሸለቆው እስከ በረዶ ግግሩ ጣቢያ በ15 ደቂቃ ያደርስ ጀመር። ወደ ላይ የሚደረገው ጉዞ በ47 ደቂቃ አጠረ። በረዶ እንደ ድሮው የማይታመን ሲሆን፣ በረዶ ላይ በሚንሸራተቱበት ስኪ ብቻ መኖር እንደማይቻል ያወቀ ሰው የሚሠራው ሥራ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ሰው ማመላለስ። ዩንግፍራውዮኽ በዓመት ከ1 ሚሊዮን በላይ እንግዳ የተቀበለባቸው ዓመታት አሉ።

ድሮ መንደሩ ሁለት ጊዜ ይተነፍስ ነበር፤ ሚያዝያና ግንቦት አካባቢ፣ ከዚያም ኅዳር ላይ። "መሃል ወቅት" ይሉታል። ሆቴሉ ይዘጋል፣ ሠራተኛው አገሩ ይሄዳል፣ ገበሬው ደግሞ የሚሸተውን ሥራ ይሠራል፤ ፍጉን መስክ ላይ ይረጫል። አሁን ያ ዕረፍት እየጠበበ ነው። ፍጉ ግን መረጨት አለበት። አንድ የግንቦት ጠዋት የክፍል እንግዳ ጠራችኝና መስኮቱን እያሳየች "ይህ ሽታ መቼ ነው የሚያልቀው?" አለችኝ። በሆቴሉ ሥልጠና መሠረት ይቅርታ ጠይቄ መስኮቱን መዝጋት ነበረብኝ። ዘጋሁት። ቀኑን ሙሉ ግን ውስጤ ይቆጠቁጠኝ ነበር፤ ምክንያቱም መስኮቱ የተሸጠላት እኮ በዚያ ፍግ በበቀለው ሣር ነው። የቃጭሉ ነገርም አለ፤ ቀን ቀን ይቀረጻል፣ ሌሊት ይከሰሳል።

አንዳንዴ ነገሩ ከሽታ ያልፋል። በ2014 በኦስትሪያ ቲሮል ውስጥ፣ በፒኒስ ሸለቆ፣ ውሻዋን ይዛ በግጦሽ መሃል የምታልፍ ጀርመናዊት እንግዳ ጥጃ ባላቸው ላሞች ተረግጣ ሞተች። በ2019 ፍርድ ቤት ገበሬው 490 ሺህ ዩሮ ገደማ እንዲከፍል ፈረደ፤ በዚያው ዓመት ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ጥፋቱን ለሁለት ከፈለው፤ ግማሹ የእሱ፣ ግማሹ የእሷ፤ በ2020 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ይህንኑ አጸና። በአልፕስ ገበሬ ቤት ይህን ታሪክ የማያውቅ አላገኘሁም። ሽማግሌው ሲያወሩት ስለ ገንዘቡ አልነበረም። "ጥጃ ያላት ላም ውሻ እንደማትወድ የማያውቅ ሰው ተራራ ላይ ይወጣል ብሎ ማን አሰበ?" ነው ያሉት። እኔ የተከፈተውን በሬን አስቤ ዝም አልኩ።

ግን ገበሬና ቱሪዝም ሁለት ጎራ ናቸው ብዬ ብጽፍ ዋሸሁ። የሽማግሌው ልጅ በበጋ ያልባል፣ ያጭዳል፤ በበረዶው ወራት ሌሊት ሌሊት የስኪ መንገድ የሚዳምጠውን ማሽን ይነዳል። ምራቲቱ ሁለት ክፍል ታከራያለች። የኬብሉ ምሰሶና የስኪው መንገድ የሚያርፉት በእነዚያ ሰባት ማኅበራት ግጦሽ ላይ ስለሆነ ድርጅቶቹ ከላም ባለቤቶች ጋር መደራደር ግድ ይላቸዋል። የ1404ቱ ወረቀት ዛሬ ገንዘብ ያወጣል ማለት ነው። ከበርን የሚመጣው የመንግሥት ድጎማም አለ፤ ለተራራ ግጦሽ የሚከፈለው በቆጠራ ነው፤ አንዲት ላም 100 ቀን ተራራ ላይ ከቆየች አንድ ተብላ ትመዘገባለች። ሽማግሌው በዚህ ይሸማቀቃሉ። "አባቴ ፎርማጆ ሸጦ ኖረ፤ እኔ መልክዓ ምድር ሸጬ እኖራለሁ" ይላሉ።

ፎርማጆው ግን አልቀረም፤ በዚያም ደስ ይለኛል። ላይኛው ጎጆ አንድ ጠዋት ይዘውኝ ወጥተው ነበር። ትልቅ የመዳብ ጋን በእንጨት እሳት ላይ ተንጠልጥሏል፤ ግድግዳው በጢስ ጠቁሯል፤ ሽታው የእናቴ ማድ ቤት ነው። ወተቱ ለብ ሲል እርሾው ይገባል፤ ሲረጋ በሽቦ ይቆራረጣል፤ እንደገና እየተማሰለ ይሞቃል። ከዚያ ጎጆ ጠባቂው ጨርቁን በሚታጠፍ ዘንግ ጠቅልሎ፣ ደረቱን በጋኑ ላይ ደፍቶ፣ ከሥር ሰድዶ ያንን ነጭ ነገር በአንድ ትንፋሽ አወጣው። የቀረው አጓት ለአሳማ ሄደ። "እኛ አጓቱን እንጠጣዋለን" ስላቸው አንድ ኩባያ ቀዱልኝ። ጣዕሙ ልክ ያው ነው። ጎተራው ደግሞ እንደኛው ጎተራ እግር አለው፤ በእግሩና በወለሉ መሃል አይጥ እንዳይወጣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ገብቶበታል። በመስከረም ፎርማጆው ለባለላሞቹ ይከፋፈላል፤ እያንዳንዷ ላም በሰጠችው ወተት ልክ። እዚህም ቆጠራ።

ዩኔስኮ በታኅሣሥ 2023 የስዊዘርላንድን የተራራ ግጦሽ ወቅት በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስገብቶታል። ዜናውን በስልኬ ሳሳያቸው ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና "ጥሩ ነው፤ ታዲያ ሐምሌ ላይ ማን ይልካሉ?" አሉኝ።

ይህ መንደር ላሞችን በ1404 ቆጠረ። ቤቶችን መቁጠር የጀመረው በ2012 ነው፤ ያኔ የአገሪቱ ሕዝብ በጠባብ ድምፅ፣ በ50.6 በመቶ፣ በአንድ ወረዳ ከቤቶቹ ሁሉ ከ20 በመቶ በላይ ለዕረፍት ብቻ የሚያገለግሉ ሊሆኑ አይችሉም ብሎ ወሰነ። ለግሪንደልቫልድ የዘገየ ነበር፤ የመንደሩ ወጣት ቤት ፍለጋ ወደ ታች ይወርዳል፤ ባለቤታቸው በዓመት ሁለት ሳምንት የሚመጣባቸው መስኮቶች ግን ምሽት ላይ ጨለማ ናቸው። ሰው ለመቁጠርም እዚህም እዚያም ሙከራ አለ። በዚያው አካባቢ ሐይቅ ዳር ያለችው ኢዘልትቫልድ በአንድ የኮሪያ ድራማ ምክንያት ሰው ሲያጥለቀልቃት በ2023 በትንሿ የሐይቅ ዳር የጀልባ መቆሚያዋ መግቢያ ላይ ማገጃ አቁማ 5 ፍራንክ ማስከፈል ጀምራለች። እኔ በበኩሌ ክፍያው መልስ አይመስለኝም። የ1404ቱ ሕግ እኮ "ክፈልና አግባ" አላለም፤ "በክፉው ወቅት መመገብ የቻልከውን ያህል" ነው ያለው። አንድ መንደር በክፉው ወቅት ስንት እንግዳ ይችላል? ውኃው፣ መንገዱ፣ አልጋ የምታነጥፈው ልጅ የምታድርበት ክፍል ተቆጥሮ? እኔ አራት ሆነን በአንድ ክፍል አድሬያለሁ፤ ያንን ቁጥር አውቀዋለሁ።

አምና መስከረም ከበርን በባቡር ሄድኩላቸው። ከብቱ የሚወርድበት ቀን ነበር። ሆቴሉን ከለቀቅሁ ቆይቻለሁ፤ ሽማግሌውም አሁን ዱላውን ለመደገፊያ ነው የሚይዙት። ላሞቹ ግንባራቸው ላይ አበባ ታስሮላቸው፣ ትልልቁን ቃጭል አንጠልጥለው፣ በዚያው እኔ ከፍቼ በተውኩት በር በኩል መምጣት ጀመሩ። "በሩን አንቺ ያዢ" አሉኝ፤ እንደ ቀልድ፣ ግን ሳይስቁ። ያዝኩት። እሳቸው ከወዲያ ማዶ ቆመው፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ፣ በየላሟ ጣታቸውን ያጥፋሉ።

በመንገዱ ግራና ቀኝ ስልኩን ወደ ላይ ያነሳ ሕዝብ ቆሟል። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ እኔም እንደ ልጅነቴ ከበሩ ሥር ሆኜ ሰዎቹን መቁጠር ጀመርኩ። ስልሳ ሦስት ላይ ስደርስ አንድ አውቶቡስ ቆሞ በሩን ከፈተና ጠፋብኝ።

"ስንት?" አሉኝ ሽማግሌው፣ የመጨረሻዋ ላም ስታልፍ። ላሞቹን የቆጠርኩ መስሏቸው ነው።

"አልጨረስኩም" አልኳቸው።

"እኔ ጨርሻለሁ። ዝጊው።"